የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ኪው» ያለ «ዩ» ትሄዳለች ወይ?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እንግሊዝኛ አጫጭር ቃላት ሆነው አረፉ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ልጆቹ ክረምቱን ቤት ስለዋሉ ይሆናል። ሁሉም የመጡት ደግሞ ከከተማው ዳር ዳር ነው። ሆሄያቱን በስማቸው እየጠራሁ ነው የምመልሰው፤ ብዕርና ወረቀት ይዛችሁ እየጻፋችሁ ብታነቡት ይቀላችኋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ አብርተን ከጎረቤት ጋር ስክራብል (የእንግሊዝኛ ሆሄያት ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበትን ጨዋታ) እንጫወታለን። ባለፈው አራተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን «ኪው-ኤ-ቲ» ብሎ ደረደረና «ጫት ማለት ነው» አለን። እኛ የተማርነው «ኪው» ሁልጊዜ «ዩ»ን አስከትላ እንደምትሄድ ነው። ነጥቡን ከለከልነው። እሱም አኩርፎ ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለም። ማን ነው ትክክል? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ጎረቤታችሁ ልክ ነው። ዛሬውኑ ቡና አፍልታችሁ አስታርቁት። ቃሉ አለ፣ ትርጉሙም ጫት ራሱ ነው፣ ቅጠሉ። «ኬ-ኤ-ቲ» ተብሎም «ኬ-ኤች-ኤ-ቲ» ተብሎም ይጻፋል፤ ሦስቱም በጨዋታው ያስኬዳሉ። «ኪው» ብቻዋን 10 ነጥብ ናት፣ «ኤ» እና «ቲ» አንዳንድ። ስለዚህ የሰውየውን 12 ነጥብ ነው የበላችሁበት፣ ያውም ነጥብ የሚያባዛ ቀለም የተቀባ ካሬ ላይ ካልወደቀ።

«ኪው» እንደዚህ የተወደደችው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨዋታውን የፈለሰፈው አልፍሬድ ሞሸር በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። በ1930ዎቹ በዚያ ክፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ አጥቶ በነበረ ጊዜ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ሆሄ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። ደጋግሞ የሚመጣው ረከሰ፣ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው ተወደደ። ስክራብል የሚለው ስም የተሰጠው ግን በኋላ፣ በ1948 ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የተማራችሁት ውሸት አይደለም፣ ጎዶሎ ነው። ድሮ እንግሊዞች «ኪው»ን እምብዛም አያውቋትም ነበር። ንግሥት የሚለውን ቃል «ሲ-ደብሊው-ኢ-ኤን» ብለው ነበር የሚጽፉት። በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው አገሩን ሲይዙ ጸሐፊዎቻቸውም አብረው መጡ፤ እነሱ ደግሞ ከላቲን የወረሱት ልማድ «ኪው»ንና «ዩ»ን አጣምሮ መጻፍ ስለነበር የእንግሊዞቹን ቃላት በዚያው ልማድ ጻፏቸው። ንግሥት «ኩዊን»፣ ፈጣን «ኩዊክ» ሆነው የቀሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ሕጉ የሚሠራው በዚያ መንገድ ለመጡት ቃላት ነው። ኋላ ከዐረብኛ፣ ከዕብራይስጥና ከቻይንኛ የገቡት ስለ ኖርማኖች ምን ገዷቸው!

እንዲያውም ከዐረብኛ የገቡትን እኛ ከእንግሊዞቹ በተሻለ እናውቃቸዋለን። ቃዲ፣ ኒቃብ፣ ቡርቃ፣ ቂብላ፤ አራቱም በእንግሊዝኛ «ዩ»ን በማታስከትል «ኪው» ይጻፋሉ። (ቡርቃ ስል የፊት መሸፈኛውን ነው፤ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት የሆነው ቡርቃ ሌላ ነው።) ሱቅም አለ፣ «ኤስ-ዩ-ኪው» ተብሎ፣ «ዩ» ከፊት ቀድማ። እነዚህን ቃላት በአማርኛ ስንጽፋቸው በ«ቀ» ነው፣ እነሱ በ«ኪው»። ግጥምጥሞሽ እንዳይመስላችሁ። የዕብራይስጡ ሆሄ ቆፍ ይባላል፣ የግዕዙ ቃፍ። «ኪው» የመጣችው በፊንቄና በግሪክ በኩል ዞራ ነው፣ «ቀ» ደግሞ በደቡብ ዐረቢያና በሳባ ጽሕፈት በኩል። የሁለቱም የዘር ግንድ አንድ ነው። እስኪ ጎን ለጎን ጻፏቸው፦ ሁለቱም ክብ ናቸው፣ አንዷ እግር አላት፣ አንዷ ጭራ።

ለቀጣዩ ጨዋታ አንድ ስጦታ ልጨምርላችሁ። «ኪው-አይ» ብቻዋን ቃል ናት። «ቺ» ተብላ ነው የምትነበበው፤ በቻይናውያን እምነት በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ኃይል ማለት ነው። የአሜሪካ የውድድር ዝርዝር ውስጥ የገባችው በ2006 ሲሆን ከዚያ ወዲህ «ኪው» ይዞ መጨረሻ ላይ መቅረት የሚባል ጣጣ ቀሏል። የእኛዎቹ ብርና ጤፍም ይፈቀዳሉ። ብር መጨረሻዋ ድርብ «አር» ነው፣ ጤፍ ድርብ «ኤፍ»። ብር 6 ነጥብ ስትሆን ጤፍ 10 ናት። የእህል በረንዳ ዋጋ እዚህም ሳይገባ አልቀረም።

ደግሞ ለወደፊቱ ጨዋታ ከመጀመራችሁ በፊት የምትዳኙበትን መዝገበ ቃላት ተስማሙ። ሻማ ላይ ቁጭ ብሎ በትዝታ መሟገት ጎረቤት ያሳጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ክፍል ውስጥ ቢላዋ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ክናይፍ» ብላ አነበበችና ጓደኞቿ ሳቁባት። ቤት መጥታ «እማዬ፣ የማይነበብ ከሆነ ለምን ይጻፋል?» ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ። (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ከ500 ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ብትማር ኖሮ ማንም አይስቅባትም ነበር። ያኔ «ኬ» ትነበብ ነበር። ጉልበትም «ክኒ» ነበር፣ ጀርመኖች እስከ ዛሬ እንደሚሉት። ዊልያም ካክስተን ማተሚያ መኪናውን ወደ እንግሊዝ ያስገባው በ1476 ነው፤ ከዚያ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ረጋ። አፍ ግን አይረጋም። በ17ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሰዎች «ኬ»ዋን መዋጥ ጀመሩ፤ ወረቀቱ ላይ ግን እንደነበረች ቀረች።

ይህንን ለልጅሽ ለማስረዳት እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግሽም። «ፀሐይ» ብላ እንድትጽፍ አድርጊ። ለምን በፀሐዩ «ፀ»? ለምን በሐመሩ «ሐ»? ዛሬ በአማርኛ «ሀ»ም «ሐ»ም «ኀ»ም አንድ ድምጽ ናቸው። በግዕዙ ግን ይለያዩ ነበር፣ ፊደሉም ያንን ይዞ ቆይቷል። አንዳንዴም ይጠቅማል። በእሳቱ «ሰ» ሰረቀ ሲባል ሌባ መጣ፣ በንጉሡ «ሠ» ሠረቀ ሲባል ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። «ኬ»ም እንደዚያ ታገለግላለች። «ኖ» ስትል ያለ «ኬ» እምቢታ ነው፣ «ኬ» ከፊት ስትቆምና «ደብሊው» ከኋላ ስትጨመር ማወቅ ነው። «ናይት» ያለ «ኬ» ሌሊት፣ ከ«ኬ» ጋር ባላባት ፈረሰኛ። ጆሮ ባይለየው ዓይን ይለየዋል።

በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት አድርጋ ትያዝ። ጉልበትና መንበርከክ ሁለቱም በ«ኬ-ኤን» ይጀምራሉ፣ እውነተኛ ዘመዳሞችም ናቸው፣ መቼም ያለ ጉልበት መንበርከክ የለም። ቋጠሮ እና ሹራብ መሥራትም እንደዚሁ፤ ሹራብ ማለት ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። ማንኳኳት የሚለውንም ጨምሪላት፣ «ኖክ»፣ በ«ኬ-ኤን» ጀምሮ በ«ሲ-ኬ» የሚጨርስ። እና ንገሪልኝ፣ እነዚያ የሳቁት ልጆች እነሱም ቢጠየቁ ምክንያቱን አያውቁትም።

ጥያቄ፦ ሰበታ መንገድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነኝ። ማኑዋል በስልኬ አነባለሁ። መፍቻ የሚለውን ቃል «ሬንች» ብለው በ«ደብሊው-አር» ነው የሚጽፉት። በኋላ ልብ ብዬ ሳይ የእጅ አንጓም፣ የታጠበ ልብስ መጭመቅም፣ መጻፍም፣ ስህተትም በ«ደብሊው-አር» ነው የሚጀምሩት። ዘመዳሞች ናቸው ወይስ ዝም ብሎ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ወሩን ሙሉ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ነው። ለመሆኑ ስንቱ ሰው ነው በግሪስ እጁ ስልክ እየነካካ ይህንን የሚያስተውለው?

አዎ፣ ብዙዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሚያዛምዳቸውም መጠምዘዝ ነው። መፍቻ ብሎኑን ይጠመዝዛል። አንጓ እጅህ የሚጠማዘዝበት ቦታ ነው፤ ጠባብ ሞተር ውስጥ እጅህን አስገብተህ ስትታገል አንጓህ ምን እንደሚሠራ ታውቀዋለህ። ልብስ መጭመቅ «ሪንግ» ነው፣ ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ጠምዝዞ ማለት። የአበባ ጉንጉን «ሪዝ» ይባላል፣ ተጠምዝዞ የተጎነጎነ ስለሆነ። ከሁሉም ግን የሚያስደስተኝ «ሮንግ» ነው፣ ስህተት። ቃሉ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ጠማማ ማለት ነው። እኛስ ክፉውን ሰው ጠማማ አይደል የምንለው?

መጻፍ ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። መነሻው መጫር፣ መቧጨር ነው፤ ድሮ እንጨትና ድንጋይ ላይ ስለት ባለው ነገር ነበር የሚጽፉት። «ሁለት መስመር ጫር አድርግልኝ» እንደምንለው ቁጠረው። እናንተ ጋር ተጎትቶ የሚመጣው የተሰባበረ መኪና፣ «ሬክ»፣ እሱም በ«ደብሊው-አር» ይጀምራል ግን ከመጠምዘዝ ጋር አይገናኝም፤ የመርከብ ስባሪን፣ ባሕር ገፍቶ ዳር ያወጣውን ዕቃ፣ ከሚገልጽ ቃል ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ነው እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንሸወደው። በእኛ ቋንቋ ሆሄ የሚጋሩ ቃላት ሲገኙ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ናቸው። ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስባሪ፤ «ሰ-በ-ረ»ን ካየህ መሰበር አለ፣ አለቀ። እንግሊዝኛን በዚያ ዓይን ስናነበው የማይዛመዱትን እናዛምዳለን። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። «ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ታገኛለህ። አንዱ ትርጉሙ የእኛው ንጉሥ ነው። ሌላው ትርጉሙ በሙቅ ውኃ፣ በስኳርና በሎሚ የተበረዘ ወይን ጠጅ ነው። የእኛ ነገሥታት ጠጅ ስለሚወዱ እንዳይመስልህ፤ መጠጡ ስሙን ያገኘው በ1732 ከሞተ ፍራንሲስ ኒገስ ከሚባል የእንግሊዝ ኮሎኔል ነው። አምስቱም ሆሄ አንድ፣ ዝምድና ግን ዜሮ።

ደግሞ ሌላ ዓይነትም አለ። ዘር ባይጋሩም በድምጽ የሚሰባሰቡ። በ«ኤስ-ኤን» ከሚጀምሩት ውስጥ ማነጠስ፣ ማንኮራፋት፣ ማሽተት፣ ንፍጥ እና የእንስሳ አፍንጫ አሉ፤ አንድ አፍንጫ ዙሪያ የተሰበሰቡ። ማነጠስ እንዲያውም ድሮ በ«ኤፍ-ኤን» ነበር የሚጀምረው፣ በኋላ ነው ወደዚህ ሰፈር የገባው። በ«ጂ-ኤል» ደግሞ ማብራት፣ መብለጭለጭ፣ መስታወት። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ጆን ሩፐርት ፈርዝ በ1930 ለዚህ ነገር ስም እስከማውጣት ደርሷል። ግን በረዶም፣ እባብም፣ ቀንድ አውጣም በ«ኤስ-ኤን» ነው የሚጀምሩት፤ አንዳቸውም ከአፍንጫ ጋር ጉዳይ የላቸውም። ለማስታወስ ያህል ተጠቀምበት፣ አትፈርድበት።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ኦ-ዩ-ጂ-ኤች» ያለባቸው ቃላት ሊያሳብዱኝ ነው። አንዱ «ኦፍ» ይላል፣ አንዱ «ኡ»፣ አንዱ «አው»። ሕግ አለው ወይ? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ የለውም። ሕግ አለው ብሎ ገንዘብ የሚቀበልህ አስጠኚ ካለ ሽሽ።

ምክንያቱ ግን አለ። ያቺ «ጂ-ኤች» ድሮ ጉሮሮ ላይ ሻከር ብሎ የሚወጣ ድምጽ ነበረች፤ የዐረብኛ አስተማሪ ኻሊድ የሚለውን ስም ሲጠራ እንደምትሰማው ዓይነት። በጊዜ ብዛት ድምጹ ጠፋ። አንዳንድ ቃል ውስጥ ጭራሽ ተዋጠ፣ አንዳንዱ ውስጥ ወደ «ፍ» ተቀየረ፣ እያንዳንዱ ቃል በየፊናው ሄደ። ጽሕፈቱ ብቻ አንድ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ በጽሕፈት ሳይሆን በድምጽ እየቧደንክ ያዝ። «ፍ» የሚሉት ጥቂት ናቸው፦ ከባድ ወይም ጠንካራ፣ ሻካራ፣ በቂ፣ ሳል። ሊጥ «ዶው» ይላል። ማረሻና ቅርንጫፍ «አው» ይላሉ፤ ማረሻን አሜሪካኖቹ ሰልችቷቸው «ፒ-ኤል-ኦ-ደብሊው» ብለው አሳጥረውታል። መጨረሻቸው ላይ «ቲ» ካለባቸው ውስጥ ገዛ፣ አመጣ፣ አሰበ፣ ተዋጋ፣ ሁሉም «ኦት» ነው የሚሉት፣ ሁሉም ኃላፊ ጊዜ ናቸው፤ እነሱን በአንድ ቀን ጨርሰህ ልትገላገላቸው ትችላለህ። «ስሩ» የሚለው፣ በዚህ ገብቶ በዚያ መውጣት፣ ብቻውን ነው። ከእሱ አንዲት «ኦ» ጨምሮ የሚጻፈው «ሶሮ» ግን መንትያው ነው፤ ሥራን ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ሳያስቀሩ መሥራት ማለት ነውና።

አንድ አስመሳይ ደግሞ አለ። ስቅታ። በትክክሉ «ሂካፕ» ተብሎ በ«ዩ-ፒ» ያልቃል። ግን አንዳንድ መጻሕፍት ውስጥ መጨረሻው እንደ ሳል በ«ኦ-ዩ-ጂ-ኤች» ተጽፎ ታገኘዋለህ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ስቅታ ከሳል ጋር ይዛመዳል ብለው ገምተው ነው እንደዚያ የጻፉት። አይዛመድም። አነባበቡም ያው «ሂካፕ» ነው። እነሱም እንደ እኛ ይሸወዳሉ፣ አይዞህ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ ነው የምኖረው። አሜሪካ ካለች የልጅ ልጄ ጋር በስልክ ስክራብል እንጫወታለን። እኔ ድሮ በእንግሊዝኛ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ቃላት አላጣም። እሷ ግን «ኤ-ኤ»፣ «ኤ-አይ»፣ «ዜድ-ኤ»፣ «ኤክስ-ዩ» እያለች ታሸንፈኛለች። ይኼ ቃል ነው? እያጭበረበረችኝ ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ አላጭበረበረችዎትም። «ኤ-ኤ» የሃዋይ ሰዎች ሻካራውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚጠሩበት ነው። «ኤ-አይ» ሦስት ጣት ያለው፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚውል የደቡብ አሜሪካ ዘገምተኛ እንስሳ ነው። «ኤክስ-ዩ» የቬትናም ሳንቲም፣ «ዜድ-ኤ» ደግሞ ፒዛን ያቆላመጡባት ናት፤ ይቺ የመጨረሻዋ ለእኔም አትዋጥልኝም፣ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አለች።

የልጅ ልጅዎ ትርጉማቸውን ላታውቅ ትችላለች፣ ጨዋታው ደግሞ ትርጉም አይጠይቅም። ናይጀል ሪቻርድስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ፈረንሳይኛ ሳይናገር፣ ቃላቱን ብቻ አጥንቶ ነው። ስለዚህ የእርስዎ እንግሊዝኛ ከእሷ ቢሻልም እዚህ ላይ አያድንዎትም።

መላ ልንገርዎ። ባለ ሁለት ሆሄ ቃላት ከ100 በላይ ናቸው፣ ሁሉንም መያዝ አይጠበቅብዎትም። «ኤክስ» ላይ ያተኩሩ። 8 ነጥብ ናት፣ ከአምስቱም አናባቢ ጋር ከፊት ወይም ከኋላ ትገጥማለች፤ የ«ዩ»ዋን እነሆ ልጅቷ አሳይታዎታለች። «ኤ-ኤክስ» መጥረቢያ፣ «ኢ-ኤክስ» የቀድሞ ባል ወይም ሚስት፣ «ኦ-ኤክስ» በሬ፣ «ኤክስ-አይ» የግሪክ ሆሄ። ሰሌዳው ላይ ሆሄ ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ካሬ ጥግ አናባቢ ሆሄ ተቀምጦ ካዩ ሌላ ነገር አይጻፉ፣ «ኤክስ»ን እዚያ ላይ ቁጭ ያድርጉ። በአግድምም በቁልቁልም ቃል ከሠራችልዎ በአንዷ ሆሄ ብቻ 48 ነጥብ ነው። ከዚያ ጥያቄው ከአሜሪካ ይመጣል።